«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ»

በተለይ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ግርጌ ያደጋችሁ እናቶች፣ ይህን ተረት ምድጃ ዳር ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ጅብ ከወንዙ ራስጌ፣ አህያ ከግርጌ ሆነው ውኃ ይጠጣሉ። ጅቡ «ውኃዬን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» ይላል። አህያዪቱ ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ብታስረዳውም ሰበብ አያልቅበትም። ቢቸግራት «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

ፈረንሳዮች ይህንኑ በተኩላና በበግ ግልገል ያወሩታል። ከኤዞፕ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ተረት ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1668 በግጥም አሳተመው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ጉስታቭ ዶሬ የተባለ ሠዓሊ በሥዕል አስጌጠው። አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥዕሉ በጠንካራ እንጨት ላይ ይነደፋል፤ ነጭ ሆኖ መታየት ያለበት ሁሉ በስለት ተፍቆ ይነሣል፤ ሳይነካ የቀረው ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። ይህ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1867 ገደማ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ አስጎትተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በተነሡበት ዘመን መሆኑ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አንዳንድ እናቶች ልጁ እንዳይደነግጥ ብለው አህያዪቱን በመጨረሻ ያስመልጧታል። እኔ ግን አልስማማም። አህያዪቱ ካመለጠች ተረቱ የሩጫ ተረት ይሆናል። ቁም ነገሩ ያለው በሰበቡ ላይ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምትውሉ እህቶች ይህን ሰበብ ታውቁታላችሁ፤ ለመቅጣት አስቀድሞ የቆረጠ አለቃ ምክንያት አይቸግረውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በልጅ ላይ የሚደርሰው ነው። ልጅን የሚበድል ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ይላል፤ ልጅቱም አምና ዝም ትላለች። ስለዚህ ተረቱን ስትጨርሱ «ውኃውን ያደፈረሰው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አህያዋ» የሚል ልጅ ካለ እንደገና ንገሩት።

የከተማ ልጅ ውኃን የሚያውቀው ከቧንቧ ስለሆነ ራስጌና ግርጌ አይገባው ይሆናል። የዶሬ መጽሐፍ ባይኖራችሁም እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ተዳፋት ወንዝ ሣሉለት፤ ጅቡን ከላይ፣ አህያዪቱን ከታች አድርጉና ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ራሱ በጣቱ ያሳያችሁ።