የዓይን የእርማት ዝላይ የውስጠኛውን ጆሮ ሕመም እንዴት ይገልጣል?

«አዞረኝ» የሚለው ቃል ለመርማሪው ብዙ አይነግረውም። የጾም ድካምም፣ የደም ማነስም፣ ዙሪያው እንደ ወፍጮ መሽከርከሩም በዚሁ ቃል ይነገራሉ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ፣ ከንጋት ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚያዞረውና የሚያስመልሰው አርሶ አደር ወደ ጤና ተቋም ቢመጣ፣ ባለሙያው የሚጠብቀው ውሳኔ ከባድ ነው። ሕመሙ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ከሆነ በአብዛኛው በጊዜ ሂደት ይሻሻላል፤ የንዑስ አንጎል ስትሮክ ከሆነ ግን ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ጎንደር መላክ አለበት። በዚህ ጊዜ ያለ ምንም መሣሪያ ፍንጭ የሚሰጠው ዓይን ነው።

ራስ ሲዞር ዓይን በእኩል ፍጥነት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል፤ በዚህም ምስሉ በሬቲና ላይ ጸንቶ ይቆያል። መልእክቱ ከውስጠኛው ጆሮ ከፊል ክብ ቦዮች ተነሥቶ በሦስት የነርቭ ሴሎች ቅብብሎሽ የዓይን ጡንቻዎችን ስለሚደርስ፣ ምላሹ በ10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጀምራል። በእይታ ላይ የተመሠረተ ክትትል ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም።

ሃልማጊ እና ከርቶይስ እ.ኤ.አ. በ1988 ከሲድኒ ያቀረቡት ምርመራ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው የመርማሪውን አፍንጫ ትክ ብሎ ያያል፤ መርማሪው ራሱን ይዞ ሳይታሰብ፣ በትንሹና በፍጥነት ያዞረዋል። ቦዩ ጤነኛ ከሆነ ዓይኑ ከአፍንጫው አይለይም። የቀኙ ቦይ ከተጎዳና ራሱ ወደ ቀኝ ከተዞረ ግን ዓይኑ ከራሱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ስሕተቱን ለማረም ፈጥኖ ወደ አፍንጫው ይዘላል። ይህ ዝላይ ሳኬድ ይባላል። የሚታየው ጉድለቱ ራሱ ሳይሆን እርማቱ ነው።

ጤነኛው የግራ ጆሮ ለምን አያካክስም? የሚዛን ነርቭ በዕረፍት ጊዜም መልእክት ይልካል፤ ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር የግራው መልእክት ይቀንሳል። ሆኖም ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለማይችል ፈጣኑን እንቅስቃሴ በሙሉ ሊገልጽ አይችልም። ራስ በዝግታ ከተዞረ ግን ዓይን በሌላ መንገድ ስለሚከተል ጉዳቱ ይሰወራል፤ ፍጥነት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አንገቱ የተጎዳ ሰው ግን በዚህ መንገድ አይመረመርም።

የምርመራው ትርጉም ጀማሪን ሊያሳስት ይችላል። ሳያቋርጥ የሚያዞረውና ዓይኑ ያለፈቃዱ የሚርገበገብ ሰው የእርማት ዝላይ ካሳየ ጥርጣሬው ወደ ጆሮ ያደላል፤ ዝላዩ ከሌለ፣ ማለትም ምርመራው «ደኅና» ከሆነ፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ያሳስባል። ካታህና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በ101 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ይህ ምርመራ ከሌሎች ሁለት የዓይን ምርመራዎች ጋር ሲጣመር ከመጀመሪያው የኤምአርአይ ምስል የተሻለ ስትሮክን ለይቷል። መርማሪው ግን የዘርፉ ባለሙያ ነበር፤ ልምምድ በሌለው እጅ ውጤቱ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። ለውስጠኛው ጆሮ ደም የሚያደርሰው ሥር ሲዘጋም ስትሮክ ራሱ የእርማት ዝላይ ሊያስከትል ስለሚችል፣ አዲስ የመስማት ችግር አብሮ ከታየ በዝላዩ ብቻ መረጋጋት አይገባም። አልጋ ላይ ሲገለበጡ ብቻ ለአፍታ ለሚመጣ ማዞርም ይህ አካሄድ አይሠራም።

ሌላው መስክ የመድኃኒት ጉዳት ነው። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የሁለቱንም ጆሮዎች ፀጉራማ ሴሎች ሊጎዱ ይችላሉ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ስለሚዳከሙ ሕመምተኛው ምንም ላይሽከረከርበት ይችላል፤ ነገር ግን ሲራመድ ፊቱ ያለው ይዘልበታል፣ በጨለማም ይንገዳገዳል። እንዲህ ያለው ሰው «አዞረኝ» ስለማይል ማንም ጆሮውን አይጠረጥርም፤ ራሱ በፍጥነት ሲዞር ግን የእርማት ዝላዩ በሁለቱም አቅጣጫ ይታያል። አንዳንድ ዝላይ ራስ ገና በመዞር ላይ እያለ ስለሚፈጸም ከባዶ ዓይን ያመልጣል፤ ያንን የሚይዘው ፈጣን ካሜራ ያለው መነጽር ነው።