በውጭ አገር የተሰማራ ሠራተኛ ያለአግባብ ሲሰናበት የየትኛው አገር ሕግ ተፈጻሚ ይሆናል?

የሥራ ውል ይዘው ወደ ውጭ አገር የተሰማሩ ዜጎች የውሉ ዘመን ሳያበቃ ሲሰናበቱ «መብቴን የምጠይቀው በዚያ አገር ሕግ ነው ወይስ በኢትዮጵያ ሕግ?» የሚል ጥያቄ ያነሳሉ። ምላሹ አቤቱታው በማን ላይ እንደሚቀርብ ይወሰናል።

1. አሠሪውን በተመለከተ

የሥራ ሰዓት፣ የስንብት ማስጠንቀቂያና የመኖሪያ ፈቃድ በመርህ ደረጃ የሚመሩት ሥራው በሚከናወንበት አገር ሕግ ነው። ከአሠሪው ጋር የሚደረገውን ክርክር የሚያየውም የዚያው አገር አካል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሕገወጥ ስንብት የደነገገው ካሳ ሠራተኛውን ተከትሎ ድንበር አይሻገርም።

የቤት ሠራተኞች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ልዩነት አለ። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ኳታር ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት የተለየ ሕግ አውጥተዋል። በአንጻሩ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓል። የአገሩ ሕግ ጥበቃ በሚሳሳበት ቦታ የሥራ ውሉ ክብደት ይጨምራል።

2. የሥራ ውሉን በተመለከተ

ሠራተኛው ከመሰማራቱ በፊት በሚኒስቴሩ የጸደቀው ውል የደመወዙን መጠን፣ የውሉን ዘመንና የመመለሻ ትኬትን የመሳሰሉ መብቶች ይይዛል። ሠራተኛው ከደረሰ በኋላ መብቱን በሚቀንስ ሌላ ውል ላይ እንዲፈርም ቢጠየቅ የጸደቀውን ውል በማስረጃነት ሊያቀርብ ይችላል።

3. ኤጀንሲውን በተመለከተ

በዚህ ረገድ ተፈጻሚ የሚሆነው የኢትዮጵያ ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 የተሻሻለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ለውሉ መጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል። ኤጀንሲው ፈቃድ ሲያወጣ የሚያስይዘው የዋስትና ገንዘብም የሠራተኞችን መብት ለማስከበር የታሰበ ነው። ስለሆነም አሠሪውን በውጭ አገር መክሰስ ያልቻለ ተመላሽ በአገር ቤት መብቱን የሚጠይቅበት መንገድ አለው።

ለምሳሌ ለሁለት ዓመት የተዋዋለች የቤት ሠራተኛ በስምንተኛው ወር የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት ተሰናበተች እንበል። በዚያ አገር ሳለች በአሠሪዋ ላይ ለአገሩ የሥራ ጉዳይ አካል ማመልከት ትችላለች። ክፍያውን ሳታገኝ ከተመለሰች ደግሞ ያልተከፈላትን ደመወዝና በውሉ የተገባላትን ሌላ መብት ከኤጀንሲው መጠየቅ ትችላለች።

ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ሊያደርግ የሚገባው

• የውሉን፣ የፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጂ እንዲሁም የደመወዝ ክፍያ ማስረጃዎችን መያዝ፤ ፎቶግራፋቸውን አገር ቤት ላለ ቤተሰብ መላክ።

• የስንብቱን ቀንና ምክንያት መመዝገብ፤ የተላኩ የጽሑፍና የድምፅ መልእክቶችን አለማጥፋት።

• ይዘቱን ባልተረዱት ወረቀት ላይ አለመፈረም። «ሒሳቤን ተቀብያለሁ» የሚል ሰነድ ያልተከፈለ ደመወዝን ለመጠየቅ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

• ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት እንዲሁም ለኤጀንሲው በፍጥነት ማሳወቅ። ለሕይወት ወይም ለአካል የሚያሰጋ ሁኔታ ካለ ከሁሉ አስቀድሞ ደኅንነትን መጠበቅ ይገባል። ከዚያ ውጭ ግን ሳያሳውቁ ከአሠሪው ቤት መውጣት በአንዳንድ አገሮች «ጠፍቷል» ተብሎ ለመመዝገብ፣ ከዚያም ለእስርና ከአገር ለመባረር ሊዳርግ ይችላል።

• ከተመለሱ በኋላ ማስረጃዎችን አሟልቶ ለሚኒስቴሩ ወይም ለክልሉ አግባብ ላለው ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ።

አቤቱታ የማቅረቢያ ጊዜ በሕግ የተገደበ በመሆኑ መዘግየት መብትን ሊያሳጣ ይችላል። በሕጋዊ መንገድ ያልተሰማራ ዜጋም ለኤምባሲው ማመልከት ይችላል፤ ሆኖም የጸደቀ ውልና ተጠያቂ ኤጀንሲ ስለማይኖረው ካሳ የማግኘት ዕድሉ የጠበበ ይሆናል። ስለዚህ ከመሰማራትዎ በፊት ውልዎ መጽደቁን ያረጋግጡ።