የልጅ አምስት ቀን

በቆቦ ቆላ ፀሐይ በዞብል ተራሮች ላይ ብቅ ከማለቷ አስቀድሞ የሚነሡ ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ማሽላውን ከግሪሳ ወፍ ለመጠበቅ ወንጭፉን ይዞ ወደ ማማው የሚወጣው ነው፤ ሁለተኛው ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሠው ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ልጅ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ከሳምንቱም አንድ ቀን ሲጎድል ልጁ ምን እንደሚያጣ ለወላጆች ለመግለጽ ወደድን።

ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሲደወል ተማሪዎች በየክፍላቸው ይሰለፋሉ፤ መዝሙር ይዘመራል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ከዚያም እያንዳንዱ 40 ደቂቃ በሆነ ክፍለ ጊዜ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብና ሌላውም ትምህርት በየተራው ይሰጣል። ሰኞ አስተማሪው በሰሌዳ ላይ ያስረዳውን ማክሰኞ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ይሠሩታል፤ ረቡዕ የቤት ሥራው ይታረማል፤ ሐሙስ ስሕተቱ ይቃናል፤ ዓርብ አጭር ፈተና ይሆናል። በዕረፍት ሰዓት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባሎች ችግኝ ያጠጣሉ፤ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ጽሑፋቸውን ያሰማሉ፤ የቀሩት በጨርቅ ኳስ ግቢውን አቧራ ያለብሱታል። የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው በአንድ መጽሐፍ ያነባሉ። እንግዲህ አምስቱ ቀኖች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ቀለበት ቢወልቅ ቀጥሎ ያለው የሚይዘው ያጣል።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ወንጭፉን በወገቡ እንደ ታጠቀ ለዓርቡ ፈተና መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተው፤ አንዳችም አልጻፈም። ቀርበን ብንጠይቀው፣ «መምህር፣ ሰኞ የተማርነው ይህ አልነበረም» አለን። እውነቱን ነበር። ሰኞ ግማሽና ሩብ ምን እንደ ሆነ ተምሮ ነበር፤ እርሱ በማማው ላይ በዋለባቸው ሦስት ቀኖች ግን ክፍሉ ክፍልፋይን ወደ መደመር አልፏል። ልጁም ሰነፍ አልነበረም፤ በማማው ላይ ሳለ በቀን የሚወነጭፈውን ድንጋይ እየቈጠረ በልቡ ይደምር እንደ ነበረ ነግሮናል።

አባቱን ባነጋገርናቸው ጊዜ፣ «ወፉ ቅዳሜን አይጠብቅም» አሉን። በዚህም ልንወቅሳቸው አንችልም። ማሽላው በሚያሽትበት ጊዜ ግሪሳ ካረፈበት፣ የቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ይጠፋልና። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በራያ ያደረሰውን ያየ ሰው ይህን ሥጋት አይንቅም።

ነገር ግን ወላጆች የአንድን ቀን መቅረት አቅልለው የሚያዩበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለናል። ብዙዎቻችን ትምህርትን ያወቅነው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያስቀጽሉታል፤ ግእዝ ካዕቡን፣ አቡጊዳውን ሳይለይ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም፤ ንባቡን ሳያደላድል ዳዊት አይደግምም። ስለዚህ ለከብት ጥበቃ የቀረ ልጅ በማግሥቱ ሲመጣ ካቆመበት ፊደል ይቀጥላል፤ የኔታም የደረሰበትን ያውቁለታል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አንድ አስተማሪ ብዙ ልጆችን ይዞ ክፍሉን በአንድነት ያራምዳል። የቀረውን ልጅ ትምህርቱ ቆሞ አይጠብቀውም። ከዚህ የተነሣ በየኔታ ዘንድ መዘግየት ብቻ የነበረው ነገር፣ በዚህ ስፍራ ጉድለት ይሆናል።

ሒሳቡን እንመልከተው። ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢቀር፣ በወር 4 ቀን ይሆናል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወራት 40 ቀን ይሞላል። ሳምንቱ አምስት የትምህርት ቀን ስለ ሆነ፣ 40 ቀን ማለት ስምንት ሙሉ ሳምንት ነው። በዓመት ስምንት ሳምንት ያጣ ልጅ 6ኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ዓመት ያህል ጎድሎት ይገኛል።

የቆቦ ልጆችም ያለ ፈቃዳቸው ያጡት ብዙ ነው። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየ፤ እንደ ገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመልሶ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዘለቀ። ሁለቱም ጊዜ መስከረም ጠባ፤ ደወል ግን አልተሰማም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ደግሞ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ጦርነት የወሰደውን ቀን ለማስቀረት አቅም አልነበረንም። ደወሉ በሚደወልበት ሳምንት ቤታችን የሚወስደው ቀን ግን በእጃችን ነው።

የራያ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ በወረደ ጊዜ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል፤ በሰዓቱ ያልጠለፉት ውሃ ወደ በረሃ ያልፋልና። የትምህርትም ቀን እንደዚሁ ነው።

የዚያ ልጅ አባትም በመጨረሻ መላ አገኙ። ግሪሳ አጥብቆ የሚበላው ጠዋትና ማታ ስለ ሆነ፣ ለጠዋቱ ከጎረቤት ጋር ተራ ገቡ፤ ልጁ በጠዋት ፈረቃ ተምሮ ማማውን ከሰዓት በኋላ ያዘ። ደግሞም በ12 በቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን በዓል፣ ሞፈር በሚሰቀልበት ቀን፣ አባትዮው ራሳቸው ማማው ላይ ዋሉ፤ ልጁም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ ክፍሉ ገባ። በዓመቱ ፍጻሜ አንደኛ አልወጣም፤ ነገር ግን ክፍሉን አልደገመም።

ጌታችን በ12 ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ መገኘቱን ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። የእኛም ልጆች የ6ኛ ክፍልን ትምህርት የሚፈጽሙት በዚሁ ዕድሜ ገደማ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ዓርብ ማታ ልጃችሁ ሲመለስ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን እንደ ተማረ ጠይቁት፤ አምስት ካላለ፣ የጎደለው ለምን እንደ ጎደለ ከእርሱ ጋር ተመካከሩ። ደወሉን ለልጆቻችን የመለሰ እግዚአብሔር፣ ሳምንታቸውን ሙሉ፣ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን፤ አሜን።