ስትሮ አፍ ላይ የተንጠለጠለች በቆሎ

ልጆች፣ ስሙኝማ! አንድ ስትሮና አንዲት የበቆሎ ፍሬ አምጡ። የስትሮውን ጫፍ ፍሬዋ ላይ አድርጉና ትንፋሻችሁን ሳቡ። ተንጠለጠለች አይደል? አሁን መሳቡን ተዉት። ጠብ! በቃ፣ አየር እየመጠጠ የሚዘራው ማሽን ግማሹ ገባችሁ።

ማሽኑ ውስጥ እንደ ሳህን ክብ የሆነ፣ ግን ቆሞ የሚሽከረከር ዲስክ አለ። ጠርዙ ዙሪያውን ተበሳስቷል። በአንድ በኩል ዘር ተከምሯል፤ በሌላው በኩል ፋን አየሩን ይመጥጣል። በዘሩ በኩል ያለው አየር በቀዳዳው ሊሾልክ ሲጋፋ ፍሬዋን ገፍቶ ይለጥፋታል። አያችሁ ጉድ? ፍሬዋን ደግፎ የያዛት ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው!

አንዳንዴ ታዲያ ሁለት ፍሬ አንድ ቀዳዳ ይሻማሉ። አብረው ቢበቅሉ አፈሩንም ውሃውንም ይነጣጠቃሉ። ለዚህ ጠርዙ ላይ የምትጠብቅ ትንሽ ጥርስ አለች፤ ትርፍ የማይጭን የታክሲ ረዳት በሏት (ካያችሁ ንገሩኝ)። ትርፏን ነካ አድርጋ ወደ ክምሩ ትመልሳለች። ፋኑ ከልክ በላይ ከሳበ ግን ትርፏም አልለቅም ትላለች፤ መንታ ይዘራል። ከላላ ደግሞ ቀዳዳው ባዶውን ያልፋል።

እኔን ያስቸገረኝ ርቀቱ ነበር። ማሽኑን የሚጎትተው ትራክተር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ታዲያ ፍሬዎቹ እንዴት እኩል ይራራቃሉ? ለካ በብዙዎቹ ማሽኖች ዲስኩን የሚያዞረው መሬት የሚረግጠው ጎማ ነው፣ እንደ ብስክሌት በሰንሰለት! ጎማው ሲፈጥን ዲስኩ ይፈጥናል፤ ሲቆም ይቆማል። ማሽኑ የሚቆጥረው መንገዱን ነዋ! ርቀቱን መለወጥ ያማረው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለጥርስ ጎማ ይቀይራል። ይህች ስትገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀዳዳው ታች ሲደርስ መምጠጡ ይቋረጣል፤ ጠብ፣ በቱቦው ወደ ቦዩ። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር እየነዱ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቢዘሩ፣ በአንድ መስመር ብቻ በሰከንድ ወደ 9 ፍሬ ይወርዳል። ኧረ በስማም! ግን ሹፌሩ ከቸኮለ ማሽኑ ይዘላል፣ ፍሬዋም ከቱቦው ግድግዳ ጋር ትላተማለች፤ ከላይ በልክ የተለቀቀችው ታች 15 ወይም 35 ሳንቲ ሜትር ላይ ታርፋለች።

ትራክተር ሲዘራ ካያችሁ ባለማሳውን አስፈቅዱና ከኋላ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ የአሥር ፍሬ ርቀት በሜትር ለኩ። ያገኛችሁትን ለእኔም ንገሩኝ።