መጸዳጃ ቤትና ገመና በመጠለያ ጣቢያዎች

ድርቅ ወይም ሌላ አደጋ ሕዝብን ከቀዬው አፈናቅሎ በአንድ ሥፍራ በሚያሰባስብበት ጊዜ፣ ከምግብ፣ ከውሃና ከመጠለያ ጋር አፋጣኝ መልስ የሚሻው ጉዳይ የዓይነ ምድር አወጋገድ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በባቲ እንደታየው፣ በየጋራውና በየሸንተረሩ ተበታትኖ ይኖር የነበረ ሕዝብ በብዙ ሺህ ሆኖ በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ ቀድሞ ቁጥቋጦና ጨለማ ይሸፍኑት የነበረው ገመና ከለላ ያጣል። ስለሆነም በጣቢያ የሚሠራ መጸዳጃ ቤት ሁለት ተግባር አለው፤ ይኸውም አንደኛ ዓይነ ምድርን ከውሃ፣ ከምግብና ከዝንብ መለየት፣ ሁለተኛም የሰውን ገመና መሸፈን ነው። በዕቅድና በሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ይሁንና ሁለተኛው ካልተሟላ የመጀመሪያውም ከግብ አይደርስም፤ ገመናን የማይሸፍን መጸዳጃ ቤት ተጠቃሚ አያገኝምና።

በሩ የማይዘጋ፣ ግድግዳው የተቀደደ ወይም ፊቱን ወደ መንገድ የሰጠ መጸዳጃ ቤት ባለበት ጣቢያ ሴቶች እስኪመሽ ድረስ መታገሥን ይመርጣሉ። ለመታገሥም ሲሉ ውሃና ምግብ ይቀንሳሉ። ይህ በረሃብ ለተጎዳ አካል፣ ይልቁንም ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት፣ ተጨማሪ ጉዳት ነው። ሲመሽም በጨለማ ወደ ሜዳ መውጣት ለጥቃት ያጋልጣል። በሜዳ የቀረው ዓይነ ምድር ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ ይወርዳል። ኮሌራ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ በተበከለ ውሃና ምግብ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ዞን የተቀሰቀሰው ኮሌራ በተከታታይ ወራት ወደ ሌሎች አካባቢዎች መዛመቱ የአደጋውን ክብደት ያስታውሳል።

የመጠንና የቦታ ምጣኔ

የእርዳታ ድርጅቶች በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የስፊር ፕሮጀክት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መመሪያ መሠረት፣ በአስቸኳይ ጊዜ ለ50 ሰዎች አንድ፣ ቆይቶም ለ20 ሰዎች አንድ የመጸዳጃ ክፍል ያስፈልጋል። የጋራ መጸዳጃ ቤት ከመኖሪያው ከ50 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ለሴቶች የሚመደበው ክፍል ከወንዶቹ ሦስት እጥፍ እንዲሆን መመሪያው ይመክራል። በዚህ ስሌት 1,000 ሰዎች በሰፈሩበት ጣቢያ በመጀመሪያው ወቅት ከሚሠሩት 20 ክፍሎች 15ቱ የሴቶች፣ 5ቱ የወንዶች ይሆናሉ። ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ስለሚገቡና ለመጠቀምም ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድባቸው፣ ክፍፍሉ ለሁለቱም ወገን ተመጣጣኝ ወረፋ ለማስገኘት የታሰበ እንጂ አድልዎ አይደለም።

የአሠራሩ ዝርዝር

የሴቶችና የወንዶች ክፍሎች መግቢያቸው የተለያየ፣ በሩም ወደ መተላለፊያ የማይመለከት መሆን አለበት። ይህ ካልተቻለ ከበሩ ፊት ለፊት የግርዶሽ አጥር ይቆማል። መቀርቀሪያው ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን። ግድግዳው በላስቲክ ሸራ ብቻ በተሠራ ጊዜ፣ ማታ በውስጡ ፋኖስ ሲበራ የሰውየው ጥላ ወደ ውጭ እንደሚታይ መዘንጋት አይገባም። በመሆኑም ሸራውን መደረብ ወይም በጭቃና በአጠና መተካት ይበጃል። መብራትም ለመጸዳጃ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ሊኖር ይገባል። የቀረው ሰፈር በጨለማ ተውጦ መጸዳጃው ብቻ ቢበራ፣ ሥራ ፈት ጎረምሳ የሚሰበሰብበት ሥፍራ ይሆናል።

በዚምባብዌ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሌር የምርምር ጣቢያ የተሠራው ባለመተንፈሻ መጸዳጃ ቤት ግድግዳው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር በመሆኑ ያለ በር ገመናን ይሸፍናል። ማጠፊያና ሳንቃ በማይገኝበት ሥፍራ ይህ አሠራር ለአንድ ቤተሰብ ተስማሚ ነው። ብዙ ሰው ለሚጋራው መጸዳጃ ግን ከዓይን መሰወር ብቻውን አይበቃም። በሌሊት የምትገባ ሴት ከውስጥ የምትዘጋው በር ያሻታል።

ከዚህም ሌላ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች የልብስ መስቀያ፣ ውሃና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ሰፋ ያለ በርና የእጅ መደገፊያ፣ ለሕፃናትም ጠበብ ያለ ቀዳዳ ሊታሰብላቸው ይገባል።

ይህን ሁሉ ከተጠቃሚው በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ሴቶችን ለብቻቸው፣ በሴት ሠራተኛ አማካይነት መጠየቅ ያስፈልጋል። በወንዶች ፊት በተጠራ ስብሰባ ስለዚህ ጉዳይ አፏን ሞልታ የምትናገር ሴት ጥቂት ናት።

ጣቢያን የሚጎበኝ ኃላፊም የተቆፈረውን ጉድጓድ ቆጥሮ ቢመለስ ሥራው ተፈጽሟል ማለት አይደለም። በቀትር ወደ ሴቶቹ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ የተረገጠ መሆኑን፣ መቀርቀሪያው መሥራቱን፣ ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ሜዳም ንጹሕ መሆኑን ይመልከት። መንገዱ ሣር ካበቀለ፣ የተሠራው ሕዝቡ የማይጠቀምበት ጉድጓድ ነውና ጉድለቱ ተጣርቶ ወዲያው ሊታረም ይገባል።