በጅራፍ መዝገብ ውስጥ ያሉ ሴቶች

ባርነት አሜሪካ ውስጥ በ1865 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ቀረ ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ያስቀረውን ሕግ ግን እስቲ አንብቡት። አሥራ ሦስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንድ ቀዳዳ ትቷል፦ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ተገዶ ሊሠራ ይችላል። የጆርጂያ ግዛት በዚያች ቀዳዳ ገብታ ከ1868 ጀምሮ እስረኞቿን ለባቡር ሐዲድ ዘርጊዎች፣ ለማዕድን አውጪዎችና ለጡብ ፋብሪካዎች ታከራይ ጀመረች። ከተከራዮቹ አንዱ የአትላንታ ከንቲባ የነበረው ጄምስ ኢንግሊሽ ነው፤ የቻታሁቺ ጡብ ፋብሪካ ጌታ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ የሚጽፉት ግን ስለ ወንዶቹ ነበር። ሳራ ሄይሊ የተባለችው የታሪክ ምሁር «ሴቶቹስ?» ብላ ተነሣች። መልሷን በ2016 በመጽሐፍ አወጣችው፤ ርእሱ «እዚህ ምሕረት የለም» እንደ ማለት ነው።

ሴት እስረኞቹ ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮች! ነጭ ሴት ብታጠፋ «ደካማ ናት» ተብሎ ይታዘንላታል፤ ጥቁሯ ሐዲድ ትዘረጋለች፣ ትገረፋለች። የሄይሊ ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚከብደው፦ ሕጉ ሴቶችን ለይቶ መቅጣት ብቻ ሳይሆን፣ ማን «ሴት» ተብላ እንደምትከበር ራሱ ይወስን ነበር።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ማስረጃው ነው። ሴቶቹ የጻፉት እምብዛም የለም፤ የጻፈው ገራፊው ነው። እስረኞቹ የሚሠሩባቸው ካምፖች ማን፣ በምን ጥፋት፣ ስንት ጅራፍ እንደ ተመታ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ሄይሊ ያንን ወረቀትና የእስረኞቹን የምሕረት ማመልከቻዎች ገልብጣ ታነባቸዋለች። ለገራፊው «አለመታዘዝ» የሆነው ለእሷ እምቢታ ነው። ልብሳቸውን ያቃጠሉ ሴቶች ነበሩ እኮ!

ዝም ያላለም ነበር። ሰሊና ስሎን በትለር በ1897 ናሽቪል ላይ በጥቁር ሴቶች ማኅበር ጉባኤ በሰንሰለት ታስረው ስለሚሠሩ እስረኞች ጽሑፍ አቀረበች፤ ሌላዋ ጥቁር ተሟጋች ሜሪ ቸርች ቴሬልም በ1907 በጉዳዩ ላይ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት ጆርጂያ ኪራዩን አቆመች።

ታዲያ ሴቶቹ ተፈቱ? አንዳንዶቹ በአመክሮ ወጡ፤ የወጡት ግን ወደ ነጮች ቤት፣ ለገረድነት ነው። የቤት እመቤቷ የወኅኒ ጠባቂ ሆነች ማለት ነው፤ ሥራውን ጥላ የሄደች ሴት ወደ እስር ቤት ልትመለስ ትችል ነበር።