ዋጋው ከመናሩ በፊት፦ በጃካርታ ዙሪያ በሚገኙ የቤታዊ መንደሮች መሬት፣ ውርስና ወቅፍ

በኢንዶኔዥያ ትልቁ ከተማ በጃካርታ ዙሪያ፣ ዛሬ ደፖክ፣ ብካሲና ታንገራንግ በሚባሉት ከተሞች ውስጥና ዳርቻ፣ የቤታዊ ሕዝብ ነባር መንደሮች ይገኛሉ። ቤታዊዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ በፊቅህም እንደ አገራቸው አብዛኛው ሙስሊም የሻፊዒይን መዝሀብ ይከተላሉ። ከሁለት ትውልድ በፊት ኑሯቸው በሩዝ ማሳና በፍራፍሬ ጓሮ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያም ከተማው ወደ እነርሱ መጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት በደፖክ የመኖሪያ ሰፈር ሠራ፤ በ1978 ጃካርታን ከቦጎር የሚያገናኘው፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የክፍያ መንገድ ተከፈተ፤ በ1987 የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ወደ ደፖክ ተዛወረ፤ በ1999 ደፖክ ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። ፍሬ ይለቀምበት የነበረው ጓሮ በካሬ ሜትር የሚሸጥ ቦታ ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ለውጥ በሙስሊሙ ቤተሰብ ንብረት ላይ ያመጣውን ፈተና ነው። መሬቱን የሸጠ ሁሉ ተጎዳ፣ ያልሸጠም ሁሉ ተጠቀመ አንልም። ሆኖም የእነዚህ መንደሮች ተሞክሮ አንድ ነገር አጉልቶ ያሳያል፦ ሸሪዓው ለሴት ልጅ፣ ለመበለቲቱና ለመስጂዱ የሰጠው መብት ሳይለይ፣ ሳይጻፍና ሳይመሰከር ከቆየ፣ የመሬት ዋጋ በናረ ጊዜ በቀላሉ ይጠፋል።

የመሬቱ ማስረጃ

በሆላንድ አገዛዝ ዘመን በከተማው ዙሪያ የነበረው ሰፊ መሬት የግል ርስት ነበር። ገበሬው መሬቱን ለልጆቹ ማውረስ ቢችልም ለባለ ርስቱ ግብር ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣው የቅኝ ግዛት የመሬት ሕግም ማንም ባለቤትነቱን ያላስረዳበት መሬት የመንግሥት ነው የሚል መርሕ አጸና። ከነጻነት በኋላ በ1958 የግል ርስቶቹ በሕግ ተሻሩ፤ በ1960 ደግሞ መሠረታዊው የመሬት ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ «ሃክ ሚሊክ» የሚባለውን፣ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈውን ሙሉ ባለቤትነት ለአገሪቱ ዜጎች ሰጠ። ስያሜው «ሐቅ» እና «ሚልክ» ከሚሉት የዐረብኛ ቃላት የመጣ መሆኑን አንባቢው አይስተውም። ቤት ሠሪ ኩባንያዎች ግን በዚህ ሕግ የሚያገኙት በዘመን የተወሰነ የግንባታ መብት ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ለኩባንያ ሲሸጥ ዘላቂ መብቱን ይለቃል፤ በዚያው ቦታ ላይ ለገዢው ሌላ ዓይነት መብት ይወጣል።

ችግሩ ብዙ ቤተሰብ ይዞት የኖረው ወረቀት «ጊሪክ» የሚባለው መሆኑ ነው። ጊሪክ በመንደሩ የግብር መዝገብ ላይ የተመሠረተ፣ ግብር ከፋዩ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት እንጂ የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። ብዙውን ጊዜም ከሞተ ረጅም ዘመን ባለፈው አያት ስም ተጽፎ ይገኛል። በ1997 የወጣው የመሬት ምዝገባ ደንብ በቅን ልቦና መሬት ያገኘና በእጁ ያደረገ ሰው የምስክር ወረቀት ካወጣ አምስት ዓመት ካለፈው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያልተቃወመ ወይም ያልከሰሰ ሰው መብት አለኝ ሊል አይችልም ይላል። በ2021 የወጣው ደንብም የቀድሞ ባህላዊ ይዞታ ማስረጃዎች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ ከዚያ በኋላ የባለቤትነት ማስረጃ መሆናቸው እንደሚቀር ደነገገ። ርቃ የተዳረች እኅት ወንድሟን አምና ዝም ብትል፣ ዝምታዋ መብቷን ሊያሳጣት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ያልተከፈለ ውርስ

የኢንዶኔዥያ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚመሩበት የእስልምና ሕግ ስብስብ በ1991 በፕሬዚዳንቱ መመሪያ ወጣ። ስብስቡ የፈራኢድን ድርሻዎች ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት ግን ባልና ሚስት በትዳር ዘመን ያፈሩትን የጋራ ንብረት ይለያል። አንደኛው ሲሞት የጋራው ንብረት እኩሌታ በሕይወት ላለው ይቀራል፤ የሚወረሰው የሟቹ እኩሌታ ብቻ ነው። ይህን የአገሪቱ ዑለማእ ከሽርካ፣ ማለትም ከባለድርሻነት ምዕራፍ ጋር አያይዘው ያስረዱታል። በጉልበት ላይ የተመሠረተውን ሽርካ የሻፊዒይ መዝሀብ ባይቀበለውም ሌሎቹ መዝሀቦች ስለሚያጸኑት፣ በዚህ ነጥብ ከእነርሱ ተበድረዋል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው በትዳር ዘመን የተገዛ 1600 ካሬ ሜትር ቦታ፣ ሚስቱን፣ ሁለት ወንዶችንና ሦስት ሴቶች ልጆችን ትቶ ሞተ፤ ዕዳም ኑዛዜም የለበትም እንበል። 800ው የሚስቱ የራሷ ነው። ከቀሪው 800 አንድ ስምንተኛውን፣ ማለትም 100ውን ትወርሳለች። የተረፈው 700 ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ሲከፈል ለየወንዱ 200፣ ለየሴቷ 100 ካሬ ሜትር ይደርሳል። መበለቲቱ በጠቅላላው 900 ካሬ ሜትር ይኖራታል ማለት ነው። ቦታው ሟቹ ከአባቱ የወረሰው ቢሆን ኖሮ ግን የጋራ ስለማይሆን ድርሻዋ ከ1600ው አንድ ስምንተኛ፣ 200 ብቻ ይሆን ነበር። እንግዲህ ቦታው መቼና ከምን እንደተገኘ መጻፉ ለመበለቲቱ የ700 ካሬ ሜትር ልዩነት ያመጣል።

ይህ ስሌት ቀላል የሚሆነው ወዲያው ሲሠራ ነው። እናት በሕይወት ሳለች የአባትን መሬት እንካፈል ማለት ግን በብዙ ቤተሰብ እንደ ነውር ይቆጠራል። ዓመታት ያልፋሉ፤ ከልጆቹ አንዱ ይሞታል፤ ድርሻው ለራሱ ወራሾች ይበተናል። ፉቀሃእ ሙናሰኻት የሚሉት ይህ ነው። በሦስተኛው ትውልድ የፈራሚዎቹ ቁጥር ብዙ ይሆናል፤ ግማሾቹም አይተዋወቁም። ገዢ ሲመጣ ጊሪኩን የያዘው አንዱ ወራሽ ብቻውን ይዋዋላል፤ የሌሎቹ ድርሻ ወደ ክርክር ይገባል። መሬቱ ርካሽ በነበረበት ዘመን በመተማመን የተያዘው ነገር ዋጋው ሲወጣ ዝምድናን የሚበጥስ ይሆናል።

ስብስቡ ለዚህ መውጫ አበጅቷል። በአንቀጽ 183 ወራሾች እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ካወቁ በኋላ በስምምነት ሊካፈሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ «ካወቁ በኋላ» የሚለው ቃል መሠረታዊ ነው፤ ድርሻዋን ሳታውቅ «ትቼዋለሁ» ያለች እኅት በእርግጥ ተስማምታለች ለማለት ያስቸግራል። በአንቀጽ 189 ደግሞ ከ2 ሄክታር በታች የሆነ የእርሻ መሬት ሳይቆራረጥ ለወራሾች የጋራ ጥቅም እንዲውል ያሳስባል፤ ገንዘብ የሚሻ ወራሽ ካለ ሌሎቹ የድርሻውን ዋጋ ከፍለው መሬቱን ያስቀራሉ። ይህ በፊቅህ ተኻሩጅ ከሚባለው ሱልህ ጋር የተቀራረበ ነው። የሹፍዓ ምዕራፍም እዚህ ይጠቅማል፦ ባልተከፈለ ንብረት ባለድርሻ የሆነ ሰው ከውጭ ገዢ ይቀድማል፤ ሐነፊያዎች ይህን መብት ለጎረቤትም ይሰጣሉ። የኢንዶኔዥያ ባህላዊ ሕግም ለዘመድና ለጎረቤት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር።

የሐጅ ወጪና የኪራይ ክፍሎች

በቤታዊ መንደሮች ለሐጅ ወይም ለልጅ ሰርግ ጓሮ መሸጥ የታወቀ ነገር ነው። ለኢማሙ የሚቀርበው ጥያቄም ከባድ ነው፦ ቤተሰቡ የሚተዳደርበትን መሬት ሽጦ ሐጅ ማድረግ ግዴታ ነውን? በሻፊዒይ መዝሀብ በተመረጠው አስተያየት የንግድ ገንዘብና ገቢ የሚያስገኝ መሬት ለሐጅ መዋል ይኖርበታል። ሐንበሊያዎች ግን ሰውየው ለራሱና ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የሚያስፈልገውን ንብረት እንዲሸጥ አያስገድዱትም። ኢማሙ ሁለቱንም አስተያየት ማስረዳቱ ለቤተሰቡ እፎይታ ነው፤ ሰርግ ግን ከዚህ ግዴታ ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

ሌሎች ቤተሰቦች መሬቱን ከፊሉን ሸጠው በቀሪው ላይ «ኮንትራካን» የሚባሉ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎችን አቁመዋል። በብካሲ ለፋብሪካ ሠራተኞች፣ በደፖክ ለተማሪዎች ይከራያሉ። ገበሬው አከራይ ሆነ ማለት ነው። ኪራዩም እንደ ጥንቱ የጓሮ ፍሬ የወራሾች ሁሉ ነው፤ ታላቅ ወንድም ብቻውን ቢሰበስበው የሌሎቹን ሐቅ እየበላ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

የመንደሩ ወቅፍ

በየመንደሩ አያት በቃል የሰጠው ቦታ ላይ የቆመ ሙሰላ ወይም መቃብር አለ። ወቅፍ በፊቅህ በቃል ይጸናል፤ ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያቆሙት ወቅፍ እንደማይሸጥ፣ ስጦታ እንደማይሆንና እንደማይወረስ ይታወቃል። ከተማው በደረሰበት ቦታ ግን ምስክሮቹ ሞተዋል፤ ጊሪኩም ዛሬም በአያት ስም ነው። ከ1977 ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ ወቅፍ በተሾመ ሹም ፊት በሰነድ እንዲጻፍ ያዛል፤ የ2004 የወቅፍ ሕግም ይህን አጠንክሮታል። ሕጉ ወቅፍን መለወጥ ይከለክላል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልግ ብቻ በሚኒስትሩ ፈቃድና በወቅፍ ቦርዱ ስምምነት፣ ቢያንስ በጥቅምና በዋጋ እኩል በሆነ ንብረት እንዲተካ ይፈቅዳል። ሻፊዒያዎች በመተካት ላይ ጥብቅ ስለሆኑ፣ ሕጉ የሐነፊያንና የሐንበሊያን ሰፋ ያለ አስተያየት ተከትሏል ማለት እንችላለን።

ሌላም አደጋ አለ። መንደር ወደ ከተማ ቀበሌነት ሲለወጥ የመንደሩ ንብረት ወደ ከተማው ወይም ወደ አውራጃው አስተዳደር ይዛወራል። ወቅፍ የመንደር ንብረት አይደለም፤ ነገር ግን ሰነድ የሌለውን ወቅፍ ከመንደር የጋራ መሬት መለየት አዳጋች ነው። መንገድ ሲያልፍበትም ምትኩን የሚጠይቀው ሰነድ ያለው ናዚር ነው።

ለአስተማሪዎችና ለኢማሞች

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ ስለዚህ የኢንዶኔዥያው ሁኔታ እንዳለ አይገጥመንም። ይሁን እንጂ ቤት፣ የይዞታ መብትና ካሳ ወደ ወራሽ ያልፋሉ፤ የከተሞቻችን ዳርም እየሰፋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ውርስን፣ ሂባንና ወቅፍን በባለጉዳዮች ስምምነት ያያሉ።

ስለዚህ ከጃካርታ መንደሮች የምንወስደው ትምህርት በጊዜው የመሥራት ትምህርት ነው። ኢማሙ ከቀብር በኋላ የሟቹ ዕዳ እንዲከፈል እንደሚያሳስበው ሁሉ፣ ውርሱም እንዲለይ፣ ለየሴቷ ድርሻዋ በስሟ እንዲነገራት፣ ስምምነቱም በምስክር ፊት እንዲጻፍ ያሳስብ። የመስጂዱ ኮሚቴም የቃል ወቅፎችን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ይቀበል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ዕዳን፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ እንድንጽፍ ያዘዘን በሰው ላይ ያለንን እምነት ለማጉደል ሳይሆን ጥርጣሬን ለማራቅ ነው። መሬቱ ገና ርካሽ ሳለ፣ ወንድማማቾችም ሳይቀያየሙ፣ ይህን ማድረግ ቀላል ነው።

ወላሁ አዕለም።